ከግሩፑ በፊት የእናታችሁ ስልክ፦ ቤተሰብን በቴሌግራም የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

የቤተሰብ ግሩፕ መክፈት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውጭ ያሉት ልጆች ይጽፋሉ፣ ፎቶ ይለቃሉ፣ እርስ በርስ ይጨዋወታሉ። እናት ግን የለችም። ወይ ስልኳ አይጮህም፣ ወይ ዳታዋ አልቋል፣ ወይ የተላከላትን ከፍታ ማየት አትችልም። ከወር በኋላ ግሩፑ ጭር ይላል።

በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። እናቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ትኖራለች። ወንድሜ ጀርመን፣ እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ፣ አጎቴ ጣና ዳር ዘጌ ነው። ሦስት ጊዜ ግሩፕ ከፈትን፣ ሦስቱም ሞቱ። አራተኛው የቆየው ሥራውን ከእናቴ ስልክ ስለጀመርን ነው። እናንተም እንደዚያው ጀምሩ። ከቤተሰቡ ውስጥ ስልክ በጣም የሚከብደው ማን ነው? ሁሉ ነገር ለእሱ ይስተካከል። ሌላው ራሱን ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ከእናታችሁ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ከውጭ ሆኖ "እዚያ ጋ ንኪው፣ አይ እሱን አይደለም" እያሉ መምራት ሁለቱንም ያሰለቻል። ባሕር ዳር ያለ ወንድም፣ የእህት ልጅ ወይም የምታምኑት የጎረቤት ተማሪ ይሁን። ግማሽ ቀን ይመድብ። በሌላ ቀን ደግሞ ለአንድ ሰዓት ተመልሶ ይምጣ። ይህን ሁለተኛ ቀን አትዝለሉት።

አዘጋጁ፦ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ የሚሠራ ሲም፣ ጥቂት ዳታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ። ደብተሩ የግድ ነው። የይለፍ ቃሎች እዚያ ይጻፋሉ፤ ደብተሩም እቤት፣ መታወቂያና ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል።

ደረጃ 1፦ ስልኩን አጽዱ

1. ስቶሬጁን እዩ። ከሞላ አፕ አይጫንም፣ ፎቶም አይከፈትም። ማንም የማያያቸውን ቪዲዮዎች አጥፉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን እናታችሁን ጠይቁ። ለእናንተ ቆሻሻ የመሰለው ቪዲዮ ለእሷ የሟች ወንድሟ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

2. የጎግል አካውንቱን አረጋግጡ። ስልክ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ነው አካውንት የሚከፍተው። የይለፍ ቃሉን ማንም አይጽፈውም። የእናቴ ስልክ እንዲህ ነበር። አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ የድሮውን አካውንት ጠየቀ፤ የሚያውቀው አልነበረም፤ ስልኩም ተቆልፎ ቀረ። አካውንቱን የምታውቁት ካልሆነ አዲስ ክፈቱ፤ አዲሱ መሥራቱን ካያችሁ በኋላ የድሮውን ከስልኩ ላይ አንሱት። ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ደብተሩ ላይ ጻፉ።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘነጋታል። በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ተብሎ የስልኩ ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ ይደረጋል። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 እንዲል ነው። አንዳንዱ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም ይቀይረዋል። ያኔ ዋትሳፕ "ቀኑ ትክክል አይደለም" ብሎ አይከፍትም፤ ሌሎች አፖችም አልገናኝ ይላሉ። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ "ዴት ኤንድ ታይም" ግቡና "ኦቶማቲክ" የሚለውን አብሩ። እናታችሁ የሐበሻ ሰዓትና ቀን ማየት ከፈለገች የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫኑላት። የስልኩን ሰዓት ግን አትንኩ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን በትክክል መዝግቡ

እዚህ ጋ የሚፈጠር ስህተት በኋላ ለማግኘት ያስቸግራል። ሁሉንም ቁጥር በመደመር ምልክትና በአገር ኮድ መዝግቡ። ከ09 ወይም ከ07 የሚጀምር የኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነ ዜሮዋን ጣሉና +251 አስቀድሙ። ለአሜሪካ +1፣ ለጀርመን +49 ነው።

በ09 የተመዘገበ ቁጥር አገር ውስጥ ሲደወል ይሠራል። ስለዚህ ስህተቱ አይታይም። ውጭ ያለው ልጅ ግን የእናቱን ቁጥር በ09 ከመዘገበ ቴሌግራም ላይ ላያገኛት ይችላል። ውጭ ያሉትም ስልካቸውን ከፍተው እንዲያርሙ ንገሯቸው።

እያንዳንዱ ስም ላይ የሰውየውን ፎቶ ለጥፉ። ፊደል ለሚያስቸግረው ሰው ስሙ ፎቶው ነው።

ደረጃ 3፦ ቴሌግራምን ክፈቱ

ለምን ቴሌግራም? መልእክቱና ፎቶው የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ ቢጠፋም ቢሰበርም በዚያው ቁጥር ሲገባ አብዛኛው ነገር ይመለሳል። ዘመዶቻችሁ ዋትሳፕ ወይም አይሞ ብቻ ከያዙ በዚያ ቀጥሉ። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። አንድ ብቻ ምረጡ እንጂ፤ ሦስት አፕ እናትን ግራ ያጋባል።

ዱባይ ወይም አቡዳቢ ዘመድ ካላችሁ አንድ ነገር እወቁ። በኤምሬቶች በዋትሳፕና በቴሌግራም መደወል ተዘግቷል። ጽሑፍና ቮይስ ይሄዳል። ለመደወል ብዙዎቹ ቦቲም የሚባል አፕ ይጠቀማሉ።

1. አፑን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። ከሰው ስልክ በማስተላለፊያ አትቀበሉ።
2. ቁጥሩን አስገቡ። ሲሙ እዚያው ስልክ ውስጥ መሆን አለበት። በልጅ ቁጥር ለእናት አካውንት አትክፈቱ። ልጁ ሲም ሲቀይር እናቱ ከቤተሰቡ ትቆረጣለች።
3. የሚመጣውን ባለ 5 አኃዝ ኮድ አስገቡ። ካልመጣ ታገሱ። ደጋግማችሁ ከጠየቃችሁ ቴሌግራም ለሰዓታት ሊያግዳችሁ ይችላል። ቁጥሩ ከዚህ በፊት በሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ተከፍቶ ከነበረ ኮዱ የሚመጣው እዚያ ቴሌግራም ውስጥ ነው። እሱን ፈልጉ።
4. ማይክ፣ ካሜራ፣ ኮንታክት፣ ኖቲፊኬሽን ሲጠይቅ ፍቀዱ። "አይ" ተብሎ ከታለፈ በኋላ ቮይስ አይቀዳም፤ ለምን እንደሆነም ማንም አያውቅም።

ወዲያው ሌላ ሦስት ነገር አድርጉ። "ሴቲንግስ" ከዚያ "ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ" ግቡ። በሞባይል ዳታ ጊዜ ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ፤ ፎቶ ብቻ በራሱ ይውረድ። እዚያው "ዩዝ ሌስ ዳታ ፎር ኮልስ" የሚለውን አብሩ። ይህ ካልተደረገ የሳምንቱ ፓኬጅ የአጎት ልጅ በለቀቀው አንድ የሠርግ ቪዲዮ ያልቃል። ሦስተኛው የጽሑፍ መጠን ነው፤ "ቻት ሴቲንግስ" ውስጥ አለ። ከለመዳችሁት በላይ አግዝፉት።

ደረጃ 4፦ ስልኩ እንዲጮህ አድርጉ

የብዙ ቤተሰብ ግንኙነት የሚሞተው እዚህ ነው። ልጅ ይደውላል፣ አይነሳም። "እናቴ ስልኳን ትታ ነው የምትውለው" ይላል። ስልኩ ግን እጇ ላይ ነው፤ አልጮኸም እንጂ። ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ያልተከፈተን አፕ ያስተኙታል። ቴሌግራም ከተኛ ጥሪው አይገባም። እህቴ ሁለት ወር ሙሉ እናቴ የተቀየመቻት መስሏት ነበር። እናቴም ልጄ ረሳችኝ እያለች ታዝን ነበር። ምክንያቱ ይቺ ሴቲንግ ነበረች።

1. የስልኩ ሴቲንግ፣ ከዚያ "አፕስ"፣ ከዚያ "ቴሌግራም"፣ ከዚያ "ባትሪ" ግቡ። "አንሪስትሪክትድ" የሚለውን ምረጡ።
2. ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም አይቴል ከሆነ "ፎን ማስተር" የሚባለውን አፕ ክፈቱ። "ኦቶ ስታርት" የሚለውን ፈልጉና ቴሌግራምን ፍቀዱለት።
3. የባትሪ ቁጠባውን ራሱን አጥፉ።
4. ዳታው ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ዳታ ዘግታ የምትውል እናት የቴሌግራም ጥሪ አይደርሳትም።
5. ፈትኑ። ስልኩን ቆልፉና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ጠብቁ። ከዚያ ከሌላ ስልክ በቴሌግራም ደውሉ። ወዲያው ከፈተናችሁት ይጮሃል፤ ያ አያረጋግጥም። አፑ የሚተኛው ቆይቶ ነው።

ካልጮኸ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና 1ን እና 2ን እንደገና እዩ። አንዳንድ ስልክ ሲስተሙ ሲታደስ ምርጫውን ይመልሰዋል።

ደረጃ 5፦ ሦስት ነገር ብቻ አስተምሩ

መጻፍ አታስተምሩ። ፍላጎቷ ካለ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን፦ ጥሪ ማንሳት፣ የመጣ ቮይስ ማዳመጥ፣ ቮይስ መላክ።

ስልኩን ከእጇ አትቀበሏት። የሚነካው የእሷ ጣት ይሁን። እናንተ ካሳያችኋት "ገባኝ" ትላለች፤ ስትወጡ ግን አይኖርም። ሊጥ የነካ ወይም እርጥብ ጣት ስክሪኑ ላይ አይሠራም፤ አስቀድማ እጇን ታድርቅ።

ጥሪ ማንሳት፦ ከሌላ ክፍል ሆናችሁ አምስት ጊዜ ደውሉላት።

ቮይስ መላክ፦ የማይኳን ምልክት ተጭና ይዛ ትናገር። ስትጨርስ ትልቀቅ። ረጅም ማውራት ከፈለገች እንደያዘች ጣቷን ወደ ላይ ትግፋ፤ ይቆለፍና እጇን ታሳርፋለች። አንድ ወጥመድ አለ። ማይኳን ይዞ ከመቆየት ይልቅ ነካ አድርጎ መልቀቅ ምልክቷን ወደ ካሜራ ይቀይራታል። ከዚያ በኋላ ስትይዘው ፊቷ ክብ ውስጥ ይመጣል፤ ትደነግጣለች፣ ትተወዋለች። ይህን ሆን ብላችሁ አድርጋችሁ አሳይዋት። "ካሜራ ከመጣ አንዴ ንኪው፣ ማይኳ ትመለሳለች" በሏት። ሦስት ጊዜ ራሷ ትመልሰው።

ከዚያ የእያንዳንዱን ልጅ ቻት የስልኩ ፊት ገጽ ላይ አውጡ። የልጁን ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ፣ "አድ ቱ ሆም ስክሪን" የሚለውን ምረጡ። የልጁ ፊት ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል። እናቴ አሁን ቴሌግራም የት እንዳለ አታውቅም፤ አያስፈልጋትምም። የምትነካው የወንድሜን ፊት ነው።

ደረጃ 6፦ አሁን ግሩፑን ክፈቱ

ሁለት ግሩፕ ይኑራችሁ። አንደኛው እናትና አባት ያሉበት፣ የቅርብ ቤተሰብ ብቻ። ሁለተኛው የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ቀልድና ዜና የሚለቀቅበት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የእናት ቮይስ ከ60 መልእክት ሥር ይቀበራል። ሰው ሲሰለቸው ሚዩት ያደርጋል፤ ከዚያ የእሷም አይሰማም።

በመጀመሪያው ግሩፕ "ፐርሚሽንስ" ውስጥ ሰው መጨመርን ለአድሚን ብቻ አድርጉት። አድሚኖቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ውጭ። አንዱ ስልኩ ቢጠፋ ሌላው አለ።

ለልጆቹ የምትነግሯቸው ደንብ አጭር ነው። ቮይስ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ፎቶ ከተላከ ማን እንደሆነና የት እንደሆነ በድምፅ ይነገር። ሐዘንና ሕመም ግሩፕ ላይ አይለቀቅ። ይህን የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙ። መርዶ በባህላችን ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገረው። እናት ብቻዋን ጓዳ ውስጥ ሆና ቮይስ ከፍታ መስማት የለባትም። እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ባሕር ዳር ላለው ልጅ በግል ተደውሎ ይነገር፤ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል።

ደረጃ 7፦ ሰዓት ቁረጡ

"ሲመቸን እንደዋወላለን" ማለት አለመደዋወል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ቁረጡ። እሑድ ምሽት 2 ሰዓት ለእኛ ሠርቷል። ቅዳሴው አልፏል፣ ገበያ የለም፣ ቤቱ ረጋ ብሏል።

ባሕር ዳር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡00 ነው። ያን ጊዜ ሪያድ 20፡00፣ ዱባይ 21፡00 ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው 13፡00፣ በክረምታቸው 12፡00 ይሆናል። ጀርመንና ስዊድን በበጋቸው 19፡00፣ በክረምታቸው 18፡00። ለንደን 18፡00 እና 17፡00።

እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። አሜሪካ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ እና ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አውሮፓ መጋቢትና ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ። በእነዚያ ሳምንታት ቅዳሜ ማታ "ነገ ሰዓቱ በእማዬ ሰዓት ነው" ብላችሁ አስታውሱ። የሚለወጠው የልጆቹ ሰዓት እንጂ የእሷ አይሁን።

ቀጠሮ ስትሰጡ ሁልጊዜ የማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። "በ2 ሰዓት" ያለ ሁሉ አንድ ነገር አይደለም ያለው። አሜሪካ ያለው በ14፡00 ሊረዳው ይችላል።

የዓመት በዓል ቀን ኔትወርኩ ይጨናነቃል። መስከረም 1፣ ገና፣ ጥር 11 ወይም ፋሲካ ላይ ጥሪ አልገባ ሲል እናት ትሳቀቃለች። ዋዜማው ምሽት ላይ የእንኳን አደረሰሽ ቮይስ ላኩ። በማግስቱ ጥሪው ከገባ እሰየው፤ ካልገባም ድምፃችሁ ቀድሞ ደርሷል።

ደረጃ 8፦ ዳታውን የሚሞላ ሰው ይሰየም

"ማን ሞላላት?" ተብሎ ሁሉም ሌላው ሞልቷል ብሎ ያስባል። በየወሩ የአንድ ልጅ ተራ ይሁን። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም *804# ቀሪ ሒሳብን ያሳያል፤ በ*999# ፓኬጅ ይገዛል፣ ለሌላ ሰው ቁጥርም በስጦታ መላክ ይቻላል። ባሕር ዳር ያለው ይልካል፣ ውጭ ያለው ለእሱ ይመልሳል። ፓኬጁ ሲያልቅ ዳታው ክፍት ስለሆነ ከዋናው ካርድ መቁረጥ ሊጀምር ይችላል። የማለቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት።

ደረጃ 9፦ በሩን ቆልፉ

1. "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ግቡ፣ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" አብሩ። የይለፍ ቃሉን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ማስመለሻ ኢሜይል የልጅ ይሁን።
2. ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባት እንደሚችል የሚወስነውን "ማይ ኮንታክትስ" ላይ አድርጉ። ካልሆነ ሽልማት አለ፣ ሥራ አለ የሚሉ የማታውቃቸው ግሩፖች ይሞሉባታል።
3. እናታችሁን ሁለት ዓረፍተ ነገር አስተምሯት። "በስልኬ የመጣ የኮድ ቁጥር ለማንም አልናገርም፣ ለልጄም ቢሆን።" "ብር የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ ደውዬ ድምፁን እሰማለሁ።"

ሁለተኛውን የምለው ስላየሁት ነው። የአንድ ዘመዳችን አካውንት ተጠለፈ። ጠላፊው በእሱ ፎቶና ስም "ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ላኪልኝ" ብሎ ለሦስት አክስቶቻችን ጻፈ። አንዷ ላከች። ሌላዋ ደወለችና ነቃች። ልዩነቱ አንድ ጥሪ ነበር።

ደረጃ 10፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ፣ ደብተር ያለው ተገናኘ። ስለዚህ የሁሉንም ልጆች ቁጥር በትልልቅ አኃዝ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ኢንተርኔት ከጠፋ ማን በመደበኛ ስልክ እንደሚደውል፣ እሱም ለማን እንደሚያስተላልፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የውጭዎቹ ለሁሉም አይደውሉ፤ አንዱ ይደውል፣ ለሌሎቹ ይንገር።

መብራት ለሚጠፋበት ቀን አንድ ፓወር ባንክ ሞልታችሁ አስቀምጡላት።

እንደ ዘጌ ኔትወርክ ለሚደክምበት ዘመድ ደግሞ ቪዲዮ ኮልን አታስቡ። አጎቴ ቡናው መሐል ሆኖ ሲደወልለት ድምፁ ይቆራረጣል። ቮይስ እንልክለታለን። ወደ ጀልባው ማረፊያ ሲወርድ ይገባለታል፤ እዚያው ቆሞ ይመልሳል።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

"መገናኘት ላይ" ብሎ ቆሞ ከቀረ፦ መጀመሪያ ዳታ መኖሩን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ኤርፕሌን ሞድ አብርታችሁ አጥፉ።

ድምፅ ካልተሰማ፦ ቮይሱን ስትሰማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ካደረገች ድምፁ ከላይኛው ትንሽ ስፒከር ይወጣል። ራቅ አድርጋ ትያዘው።

ስቶሬጅ ከሞላ፦ "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ውስጥ "ክሊር ካሽ" በሉ። በቴሌግራም ይህ መልእክቱን አያጠፋም፤ ስትነኩት እንደገና ይወርዳል። ዋትሳፕ ላይ ግን ከስልኩ ያጠፋችሁት ፎቶ ሊመለስ አይችልም፤ ተጠንቀቁ።

ሌላ ሰው የገባበት ከመሰላችሁ፦ "ዲቫይስስ" ግቡ። የማታውቁት ስልክ ካለ "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" በሉና የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ለቤተሰቡ ሁሉ በመደበኛ ስልክ ንገሩ።

ሲሙ ከጠፋ፦ በእናታችሁ ስም ከተመዘገበ መታወቂያዋን ይዛችሁ ከእሷ ጋር ወደ ቴሌኮም ማዕከል ሂዱና በዚያው ቁጥር አስወጡ። አትዘግዩ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ አካውንቷም አብሮ ይሄዳል። ሲሙ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ከመጥፋቱ በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ ወደ ስሟ አዛውሩት።

እናታችሁ ስልኩን ከተወችው፦ ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቋት። የእኔዋ ለአንድ ሳምንት ቮይስ አልላከችም። ሄጄ ስጠይቃት "የላክሁትን ማንም አልመለሰልኝም" አለችኝ። ግሩፑን ከፈትሁት። ሦስት ቮይስ ልካለች፤ ልጆቹ ሰምተው ልብ ብቻ ነክተውባቸዋል። ልቧን እሷ አላየቻትም፤ የጠበቀችው ድምፅ ነው። ያን ቀን ማታ ሦስታችንም በቮይስ መለስንላት።